ሙሽራው ያልመጣበት አውቶቡስ

የጎረቤታችን ልጅ መሲ በተዳረች በዓመቱ እኔም ልዳር ነው ብዬ አመንኩ። ዕድሜዬ አሥር ዓመት ቢሆን ነው። ልትዳሪ ነው ያለኝ ሰው የለም፤ ቢልም አልሰማውም ነበር። ገና ጡት ሳልጥል የያዘኝ ትኩሳት ጆሮዬን ይዞት ሄዷል። በመንደራችን አጠራር «ደንቆሮዋ የወዳጆ ልጅ» ነበርኩ፤ ክፋት ኖሮባቸው ሳይሆን መለያ መሆኑ ነው። ስለዚህ የማውቀውን ሁሉ የማውቀው በዓይኔ ነበር። ዓይን ደግሞ ያለውን ነገር በትክክል አይቶ ሲያበቃ የሌለውን ነገር ሊደመድም ይችላል።

ለምሳሌ ሰዎች የሚነጋገሩ መሆናቸውን አላውቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ አፋቸውን ሲያንቀሳቅሱ ሳይ የሆነ ነገር የሚያኝኩ ነበር የሚመስለኝ። ቆሎ ነው እንዳልል እጃቸው ባዶ ነው፤ ሲውጡም አላይም። እናቴ አጥር ተደግፋ ከጎረቤት ጋር ስታኝክ ትቆያለች። ቄሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆመው ብቻቸውን ሲያኝኩ ሕዝቡ በሙሉ ጸጥ ብሎ ያያቸዋል። ለእኔ ብቻ አልደረሰኝም። አንዳንዴ ሲብስብኝ እናቴ ፊት ሄጄ አፌን እከፍታለሁ። እሷ የራበኝ መስሏት ዳቦ ትቆርስልኛለች። የጠየቅኩት እሱን ባይሆንም ዳቦውን መልሼ አላውቅም፤ በዚህ አለመግባባት ደህና ወፈር ብዬ ነው ያደግኩት።

ይህን የምነግራችሁ ዛሬ ባለኝ ቃል ነው። ያኔ ቃል የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ የነበረኝ ሥዕል ነው። አንዱን ሥዕል ከሌላው እያገጣጠምኩ ነው ነገር የሚገባኝ። ከቤተሰቤ ጋር የምንግባባባቸው ጥቂት የእጅ ምልክቶች ነበሩን፦ ብዪ፣ ተኚ፣ በጎቹን መልሺ፣ ተይ። ስለ ትናንትና ስለ ነገ የሚናገር ምልክት ግን አልነበረንም። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ትምህርት ቤታችን ጓሳ በሚባለው የሣር ሜዳ ጠርዝ ላይ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጉሙ በመስኮት ገብቶ ከእኛው ጋር ይቀመጣል። ለእኔ ትምህርት ቤት ማለት አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የሚያኝክበት፣ ልጆቹም በየመሀሉ አንድ ላይ አፋቸውን የሚከፍቱበት ቤት ነው። እኔም አብሬ እከፍታለሁ፤ ወደ ኋላ የምቀር ልጅ አልነበርኩም። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ደግሞ አንድ ሳላስቀር እገለብጣለሁ። አስተማሪው በእጅጌው ሲያጠፋ ግማሹ የቀረ ፊደል ካለ ግማሹን ብቻ እጽፈዋለሁ። ፈተና ሲመጣ ጥያቄዎቹን አሳምሬ ገልብጬ አስረክባለሁ። በእጅ ጽሑፍ ከክፍሉ የሚያህለኝ አልነበረም። አስተማሪዎቹም ምን ያድርጉ፤ ከቤት ከምትውል እዚሁ ትቀመጥ እያሉ ከክፍል ወደ ክፍል ያሳልፉኛል። የጸባይ ውጤቴም ግሩም ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሳያወራ የሚውል ከእኔ ሌላ አልነበረማ።

ሦስተኛ ክፍል ስደርስ መምህር ይሥሐቅ ተዛውሮ መጣ። ዛሬ ሳገኛቸው አንቱ ነው የምላቸው፤ ያኔ ግን እጮኛዬ ስለነበር «እሱ» እያልኩ ብቀጥል ይቅር ይሉኛል። ቀጠን ያለ፣ ጆሮው ላይ ፀጉር የበቀለበት፣ ከአንገቱ ፎጣ የማይለይ ሰው ነበር። አንድ ቀን ልጆቹ ለዕረፍት ሲወጡ እኔን አስቀረኝና ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ጽፎ ጠመኔውን ሰጠኝ። እኔም ከሥሩ ያንኑ ቃል ከእሱ አሳምሬ ጻፍኩለት። ራሱን ነቀነቀ። ጠመኔውን መልሶ ተቀበለና በግ ሣለ። በጉን አሳየኝ፣ ቃሉን አሳየኝ፣ ከዚያ ጣቱን ወደ እኔ አዞረ። በጉን፣ ቃሉን፣ እኔን። ደጋገመው።

የጻፈውን ቃል ታውቂዋለሽ ወይ ማለቱ ነበር። እኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው። መሲን ሊወስዷት ሲመጡ ሙሽራው ሙክት አስጎትቶ ነበር የመጣው። እንግዲህ ይህም ሰውዬ በግ ሊያመጣ ነው ማለት ነው፤ የሚያመጣውም ለእኔ ነው። ሥዕሉን ጠጋ ብዬ አየሁት። በጉ ከሲታ ነው፤ ላቱም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ለመሲ የመጣው ከዚህ በብዙ የሰባ ስለነበር ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም ሰውን እንዲያው ማሳፈር አይገባም ብዬ ፈገግ አልኩለት። እሱም የገባኝ መስሎት ደስ አለው። በዚህ ተለያየን።

በሳምንቱ ሽማግሌ መጣ። ከፊት ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን እንደያዙ፣ ቀጥሎ ርዕሰ መምህሩ አቶ ኃይለመስቀል፣ ከኋላ መምህር ይሥሐቅ ፎጣውን እያስተካከለ። የመሲም ሽማግሌዎች በዚሁ መልክ ነበር የመጡት። እኔ እንደ ሥርዓቱ ከገብሱ ጎታ ኋላ ተደብቄ አያለሁ። መደቡ ላይ ተደርድረው ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሲያኝኩ ዋሉ። አባቴ ወዳጆ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ወደ ጎታው ያያል። እናቴ ጌታነሽ ጠላ እየቀዳች ነበር፤ በመሀል እጇ ደርቆ ቀረና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። የጆሮውን ፀጉር ገና ማየቷ ነው አልኩ በልቤ።

ያን ቀን የተባለውን እናቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነግራኛለች። መጀመሪያ የተናገረው አባቴ ነበር። ልጄ ትጽፋለች፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ስትጽፍ ነው የኖረችው፣ ምን ጎደለባት ብሎ ተከራከረ።

«ትጽፋለች፣ አያ ወዳጆ» አለው መምህር ይሥሐቅ። «የምትጽፈውን ግን አታውቀውም። ስሟን ትጽፋለች፤ የማን ስም እንደሆነ አታውቅም።»

እናቴ መቅዳቱን ያቆመችው እዚህ ላይ ነው።

«ስሟን አታውቅም?»

«ስም እንዳላትም አታውቅም፣ እትዬ ጌታነሽ።»

እናቴ የወለደችኝ በመስከረም በጼዴንያ ማርያም ዕለት ነው፤ ስሜንም ፀደንያ ያለችኝ ለዚሁ ነው። ደንቁራለች ከተባለ በኋላ እንኳ ስሜን መጥራቷን አልተወችም። ጠዋት ስትቀሰቅሰኝ ትጠራኛለች፤ ስታጥበኝ ትጠራኛለች። ቀና ብዬ አፏን ሳያት የሰማኋት ያህል ደስ ይላት ነበር። እኔ አፏን የማየው ምን እያኘከች እንደሆነ ለማወቅ መሆኑን በዚያ ቀን ተረዳች።

መምህር ይሥሐቅ ቀጠለ። ደብረ ብርሃን ሲያስተምር መስማት የተሳናቸው ልጆች ለብቻቸው የሚማሩበት ክፍል አይቷል። በእጃቸው ነው የሚነጋገሩት፤ ቀልድ ይቀላለዳሉ፣ ይጣላሉ፣ መጽሐፍ ያነባሉ። ፀደንያ ብልህ ልጅ ናት፣ ነገር ግን ቋንቋ ሳይኖራት አሥር ዓመት ሞላት፣ በየዓመቱ እየከበደ ነው የሚሄደው አላቸው። ታላቅ እኅቱ ሸዋረጋ እዚያው ደብረ ብርሃን ስለምትኖር ልጅቷን በቤቷ ልታኖራት ፈቅዳለች። ቄሱም ርዕሰ መምህሩም ደገፉት። አባቴ ሁሉንም ካዳመጠ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«ትሂድ እንበል። የምትሄደው ልትማር መሆኑን፣ ለጥምቀት መጥተን እንደምንወስዳት ማን ይነግራታል? አንተ ትነግራታለህ?»

«እኔም አልችልም» አለ መምህር ይሥሐቅ። «እዚያ ገብታ ቋንቋውን ስትይዝ ነው የሚነገራት።»

«እንግዲያ ሳይነገራት ትሂድ ነው የምትለኝ። ጣሉኝ ብላ ትሂድ።»

ቄስ ገብረየሱስ መስቀላቸውን አነሱና አባቴን አሳለሙት።

ሄጄ እንድማር የተወሰነው ግን በዚያው ቀን ነው። መምህር ይሥሐቅ የመዛወሪያዬን ጉዳይ ሊያስጨርስ ወደ ወረዳችን ከተማ ወደ መሐል ሜዳ ወረደ፤ ሲጨርስ ወደ ደብረ ብርሃን በሚያልፈው የጠዋት አውቶቡስ መጥቶ እግረ መንገዱን ይዞኝ እንዲሄድ ተስማሙ። እኔ ያየሁት ሙሽራው ሽማግሌ ልኮ ሲያበቃ ድራሹ መጥፋቱን ነው። በእኛ ቤት ደግሞ ዝግጅቱ ደርቷል። እናቴ አረንጓዴ ቀሚስ አሰፋችልኝ። ፀጉሬን ሹሩባ ተሠራሁ። ጭኮ ተዘጋጀ፣ አዲስ ባና ተጠቀለለ። ለመሲም ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ጥርጣሬ ካለኝ በባናው ጠፋ። አልጋ ልብስ ተሸክሞ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሰው አይቼ አላውቅም።

አንድ ጠዋት እናቴ አረንጓዴውን ቀሚስ አልብሳ ጥቅሉን አሸከመችኝና እጄን ይዛ ወደ መንገዱ ወሰደችኝ። አውቶቡሱ የሚቆመው ከትልቁ አስታ ዛፍ ሥር ነው። ጉሙን እየሰነጠቀ መጥቶ ቆመ፤ ረዳቱ በሩን ከፈተ። እናቴ እግሬን አንስታ ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ መልሳ አወረደችው። ፊቴን ወደ ቤታችን አዞረችና እየሮጠች ቀደመችኝ። ስደርስ ከደጃፉ ቆማ፣ ከሩቅ አገር እንደመጣሁ ሁሉ እጇን ዘርግታ እየሳቀች ተቀበለችኝ፤ አገላብጣ ስማኝ የገብስ ዳቦ በቅቤ ሰጠችኝ።

በማግሥቱም እንደዚያው። አስታው ሥር፣ አውቶቡሱ፣ እግር ደረጃው ላይ፣ እግር መሬት ላይ፣ ወደ ቤት፣ ዳቦ በቅቤ። በሦስተኛው ቀን ረዳቱ ተቆጣ፤ እጁን እያወናጨፈ ብዙ አኘከባት። እናቴ መለሰችለት። ምን እንዳለችው ያኔ አላወቅኩም፤ ከዚያ በኋላ ግን ጠባዩ ተለወጠ። እሱ ራሱ ወርዶ እግሬን በክብር ያወጣልኛል፣ በክብር ያወርድልኛል። ተሳፋሪዎቹ በመስኮት ያያሉ። አንዲት ባልቴት በየጊዜው አንገታቸውን አስግገው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጋሉ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ሙሽራው በአውቶቡስ ሊመጣ ተቀጥሯል፤ እናቴ በየጠዋቱ አልብሳ ታወጣኛለች፤ በሩ ሲከፈት እሱ የለም። እናቴም እንዳላዝን ስትል እየሳቀች ትመልሰኛለች፣ ዳቦውን የምትሰጠኝም ለማጽናኛ ነው። መጀመሪያ አልከፋኝም ነበር። እየቆየ ሲሄድ ግን ክብሬ ተነካ። ከሲታ በግ ያሳየ ሰው አሁን ደግሞ ያስጠብቀናል። ረዳቱ እንኳ አዝኖልኛል። ሌላ አግኝቶ ይሆናል ብዬም አሰብኩ። ብቻ ቅቤው ጥሩ ስለነበር ነገሩን በትዕግሥት ያዝኩት።

አንድ ቀን በሩ ሲከፈት መምህር ይሥሐቅ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጧል። ኮት ለብሷል። ፎጣው ታጥቧል። እናቴ እግሬን ደረጃው ላይ አስቀመጠችው፤ በዚህ ቀን ግን አላወረደችውም። ከኋላዬ ገፋ አደረገችኝ። ዞር ስል አባቴም ቆሟል፣ ፊቱን ወደ አስታው አዙሮ።

እውነቱን ለመናገር አልደነገጥኩም። ስንት ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ፤ መጨረሻው ሁልጊዜ ቤት ነው። ነገር ግን መሲ ስትሄድ ማልቀሷን አስታወስኩ፤ ሙሽራ ሳታለቅስ ብትሄድ ቤተሰቧን ታሰድባለች። ስለዚህ ፊቴን አጨማደድኩና ትከሻዬን እያንቀጠቀጥኩ የምችለውን ያህል አለቀስኩ። እንባ እምቢ ቢለኝ ዓይኔን በእጄ አሸሁት። እናቴ ይህን ስታይ ነው መንገዱ ላይ የተቀመጠችው። ከዚያ ሁሉ ጠዋት ልፋት በኋላ ልጄ አልገባትም፣ ጣሉኝ ብላ ሄደች ብላ። ያ ልቅሶሽ ነው የገደለኝ ትለኛለች እስከ ዛሬ። ለወጉ ነው ያለቀስኩት ብዬ የነገርኳት ቀን ክንዴን ቆንጥጣ አበለዘችው።

ጉዞው ረጅም ነበር። ከጣርማ በር በፊት ባሉት ጥምዝምዞች ላይ ሙሽራው አቅለሸለሸው፤ የታጠበው ፎጣ ለዚያ ዋለ። ይህ ሰው ብዙም አይቆይልኝም አልኩ። ደብረ ብርሃን ስንደርስ አንዲት ወፍራም ሴት ተቀበለችን። ሸዋረጋ ናት፣ እኅቱ። እኔ ግን አማቴ መሆኗን ያወቅኩት ወዲያው ጭንቅላቴን ይዛ በሹሩባው መሀል ቅማል ስትፈልግ ነው። ምሳ በላን። መምህር ይሥሐቅ ከበላ በኋላ ራሴን ዳሰስ ዳሰስ አደረገኝ፣ ሸዋረጋን ተሰናበተ፣ በሩን ወጥቶ ሄደ። ሳይመለስ ቀረ። ጠዋት ተድሬ ቀትር ላይ ተፈታሁ ማለት ነው።

ትምህርት ቤቱ የገባሁት በማግሥቱ ነው። በሩ ላይ ቆሜ ያየሁት አይረሳኝም። በክፍሉ ውስጥ ያሉት ልጆች ሁሉ እጃቸውን ያወናጭፋሉ። መጀመሪያ ዝንብ የሚያባርሩ መሰለኝ፤ ዝንብ የለም። ቀጥሎ የሚጣሉ መሰለኝ፤ ይስቃሉ። ከፊት የቆመችውም ሴት አፏን ገጥማ በእጇ ነበር የምታደርገው። መምህርት አመተሥላሴ ትባላለች፤ እንደ እኔው አትሰማም። የማያኝክ ትልቅ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ወደ እኔ መጣችና ጎንበስ ብላ ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ሳትቸኩል፣ ሳታዝንልኝ፣ እንደ ማንም ልጅ ወንበር አሳየችኝ።

እዚያ ያሳለፍኩትን ሁሉ ብናገር ይረዝማል። ለሳምንታት ምንም አልገባኝም። የገባኝ አስመስዬ እጄን ሳወናጭፍ ቆየሁ፤ የድሮ ልምዴ ነው። አመተሥላሴ ግን እንደ ድሮዎቹ አስተማሪዎች በዝምታ የምታልፍ አልነበረችም። ያላወቅኩትን ካስመሰልኩ እጄን ይዛ ታስቆመኛለች። ውሃውን ታስነካኝና የውሃን ምልክት ታሠራኛለች፣ ደግሞ በጣት ፊደል፣ ደግሞ በጽሑፍ። አንድ ቀን ደብተሬን ገልጣ ራስጌው ላይ ያለውን «ፀደንያ» አሳየችኝ። ይህን ነገር ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ በየገጹ አናት ላይ እጽፈው ነበር፤ እንደ ቀሚስ ጥልፍ፣ የወረቀት ጌጥ ይመስለኝ ነበር። እሷ በጣቷ ፊደል በፊደል አወጣችው፣ ከዚያ ጣቷን ደረቴ ላይ አሳረፈች። ሌላ ልጅ ጠራች፤ የእሱ ጌጥ ሌላ ነው፣ የሚያርፈውም በእሱ ደረት ላይ ነው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በክፍሉ ያሉትን ልጆች ሁሉ እየዞርኩ ደረታቸውን ስነካ ዋልኩ። አንዷ መታችኝ።

በጥምቀት ሰሞን እናቴና አባቴ መጡ። በእንግድነት ለሚመጡ ወላጆች የሚያስተረጉመው የክፍሉ ሌላው መምህር ቃለአብ ነበር፤ እሱ ይሰማል። ወላጆቼ በትናንሾቹ የልጆች ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ጋር ደርሶ ተቀምጠዋል። እናቴ አቅፋኝ ስታበቃ ትክ ብላ እጄን ታየዋለች፤ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ አታውቅም። ቃለአብ የፈለግሽውን ጠይቂያቸው አለኝ።

በዚያ ሳምንት የተማርነው ስለ ቤተሰብ ነበር፦ እናት፣ አባት፣ ባል፣ ሚስት። የጎደለኝን ቃል ገና ማግኘቴ ነው። እናቴን በሕይወቴ የመጀመሪያ የሆነውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«ባሌ መቼ ነው የሚመለሰው?»

ቃለአብ ድገሚው አለኝ። ደገምኩት። ወደ አመተሥላሴ ዞሮ አየ፤ እሷም ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ በአፉ ለወላጆቼ ነገራቸው። ማን ነው ባልሽ ተባልኩ። የጆሮውን ፀጉር በጣቴ አመለከትኩ፣ ፎጣውንም በአንገቴ ላይ አሳየሁ፣ ያሳየኝ በግ አለመምጣቱንም ጨመርኩ። እናቴ በሳቅ ከወንበሩ ወደቀች። አባቴ እያነሳት አብሮ ሲስቅ እንባው ወረደ። መምህር ይሥሐቅ ሚስትና ልጆች ያሉት ሰው መሆኑን ያወቅኩት በዚያች ሰዓት ነው። መጠነኛ ኀዘን ተሰማኝ።

ሳቁ ሲበርድ እናቴ የአውቶቡሱን ነገር አስረዳችኝ። ትሄጃለሽ፣ ትመለሻለሽ፣ ቤትሽ አለ፣ እኔ በር ላይ እቆማለሁ ማለቴ ነበር፤ ሌላ መናገሪያ አጥቼ ነው አለች። ረዳቱንም እንዲሁ ብላ ነው ያበረደችው። ቃለአብ ሲያስተረጉም እጁ ቀስ ይል ነበር። እኔ ግን ተነክቶ የቆየው ክብሬ ስለተመለሰ ደስ አለኝ፤ አስጠብቆኝ የቀረ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ከዚያ እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ቃለአብ ዞረች።

«አሁን እኔ ብጠይቃት ትመልስልኛለች?»

«የምታውቀውን ቃል ያህል ትመልሳለች፣ እናቴ።»

«እንግዲያ ጠይቅልኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንድ በጋ ሙሉ ስታለቅስ ከረመች። እህል አልበላ አለች። ያማት እንደሆነ ብለን ሰውነቷን ዳሰስን፣ የሚያማት የለም። አባቷ በጀርባው አዝሎ ጸበል አመላለሳት። ምን ሆና ነበር?»

ቃለአብ ነገረኝ። የትኛውን በጋ እንደሆነ ወዲያው አወቅኩ። የአባቴ እናት አያቴ ወሰንየለሽ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ በአንድ ባና ነበር የምንተኛው። እግሬ ሲበርደኝ በሁለት እግሯ መሀል አስገብታ ታሞቅልኛለች። አንድ ጠዋት ጎረቤት ቤት ወስደው አዋሉኝ። በአጥሩ ቀዳዳ ብዙ ሰው ግቢያችን ውስጥ ሲያለቅስ፣ አያቴንም በነጭ ልብስ ጠቅልለው ተሸክመው ሲያወጧት አየሁ። ማታ ስመለስ መኝታዋ ባዶ ነው። እየጠበቅኩ ሳለቅስ ከረምኩ። ነገሩ የተፈታልኝ መሲ ስትዳር ነው፦ ሰው ተሰበሰበ፣ ተለቀሰ፣ አዲስ ልብስ ለብሳ ወጣች፣ ማታ አልተመለሰችም።

ያሉኝ ቃላት ጥቂት ነበሩ። በእነሱው መለስኩላት።

«አያቴን ስትድሯት ነው ያለቀስኩት። ለማን ነው የዳራችኋት?»

ቃለአብ ይህንንም በአፉ ነገራቸው። አባቴ እንደ ቅድሙ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ከትንሿ ወንበር ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። እናቴ አልተነሳችም። አልነገርናትም አለች፣ ለማንም ሳይሆን። አስቀብረን መጣን፣ ተስካር አወጣን፣ ለእሷ የነገራት የለም። ከዚያ ቃለአብን ሞተች የሚባለው እንዴት ነው አለችው። ቃለአብ ሊያሳያት ሲል አመተሥላሴ ቀደመችው፤ የእናቴን ሁለት እጆች ይዛ አንዱን መዳፍ ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ታች አድርጋ፣ ሁለቱንም አብራ ቀስ ብላ ገለበጠቻቸው።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። አያቴን የምንጠራበት የቤታችን ምልክት፣ የሻሽ አስተሳሰሯ፣ አልጠፋባትም። እሱን አሳየችኝ፤ ከዚያ መዳፎቿን ገለበጠች። አንድ ጊዜ ተሳሳተች፣ ደገመችው። አስተርጓሚ አላስፈለገንም። አለቀስኩ፤ ይህ ልቅሶ ግን ያን በጋ ካለቀስኩት ጋር አይመሳሰልም፣ ምክንያቱ ታውቋላ። አባቴ ከመስኮቱ መጥቶ ከጎናችን መሬት ላይ ተቀመጠ።

ዛሬ እኔም መምህርት ነኝ። መሐል ሜዳ መስማት የተሳናቸው ልጆች ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ። እናቴ በየዕረፍቱ ከእኔ እየተማረች ምልክት ቋንቋውን ይዛዋለች፤ ይዛዋለች ስል የመንዝ ዘዬ ባለው እጅ፣ ግማሹን በራሷ ፈጠራ ነው። ያቺ ቀን ካለፈች ወዲህ ያልነገረችኝ ነገር የለም። በቪዲዮ ልትደውልልኝ፣ ኔትወርክ ፍለጋ ከቤታችን በላይ ያለው ቋጥኝ ላይ ትወጣለች፣ ስልኩን በድንጋይ አስደግፋ ታቆመዋለች፣ እጆቿን ነጻ ታደርጋለች። ሁልጊዜ የምትጀምረው ከሞተው ሰው ነው፤ ማን እንደሞተ፣ ምን እንደነበረው፣ የት እንደተቀበረ፣ ማን ማን እንዳለቀሰ። ከዚያ ማን እንደወለደች። ከዚያ የጓሳውን ሣር ማጨድ መቼ እንደተፈቀደ፣ ማን ቀድሞ ገብቶ እንደተያዘ። ከዚያ የዶሮዋን፣ የድመቷን፣ የጎረቤት ድመት በእኛ ድመት ላይ ያደረገችውን። ትምህርት ላይ ነኝ ብላት አትሰማኝም።

ባለፈው ሳምንት ክፍል መሀል ደወለች። ስልኩ ሲያበራ ልጆቹ አይተው ጠረጴዛዬን ከበቡት። አሮጊት ሴት በጉም መሀል ቆማ እጇን ስታወናጭፍ ሲያዩ በጣም ደነቃቸው። ትንሿ ትርሲት እጅጌዬን ጎተተችኝና ማናት አለችኝ።

«እናቴ ናት» አልኳት። «ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ገና አልጨረሰችም።»